ለፔሳህ የጀልባ ምሳ፦ አገልግል፣ የብረት ምሳ ዕቃ ወይስ አይስ ቦክስ?

የቦካ ነገር በማይበላበት በአይሁድ ፋሲካ፣ በፔሳህ ሳምንት፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጣና ደሴቶች የሚሻገር ሰው ምሳውን ከቤት ይዞ መውጣት አለበት። መንገድ ላይ የሚገኘው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዓሣ ነው። ሰላጣ ብቻ ቢታዘዝ እንኳ የሚከተፍበት ጣውላና ቢላዋ ከዳቦ ጋር ሲውሉ የከረሙ ናቸው። ጀልባ ላይ እሳት ስለማይነድ ምሳው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በምን ይያዝ የሚለው ነው። እዚህ የምንመዝናቸው በባሕር ዳር ገበያና ሱቆች የሚገኙ አራት ዓይነት መያዣዎችን ነው፦ አገልግል፣ ባለ ፎቅ የብረት ምሳ ዕቃ፣ ባለ ክዳን ፕላስቲክ እና አይስ ቦክስ። የምንመዝናቸውም ለዚህ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ማጻ፣ ማለትም ያልቦካውን የበዓል ቂጣ፣ ለመያዝ አገልግልን የሚስተካከል የለም፤ ለእርጥብ ምግብ ግን ፈጽሞ አይሆንም። የብረት ምሳ ዕቃ ለእርጥቡ ምግብ ምርጡ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ቅዝቃዜ አይጠብቅም። አይስ ቦክስ ለጤና የግድ ነው። ፕላስቲክ የሚገባው ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የበዓሉን ሕግ ከዕቃ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። በፔሳህ የሚከለከለው፣ ሐሜጽ የሚባለው፣ ከአምስቱ እህሎች፣ ማለትም ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃ፣ ከራይና ስፔልት ከሚባለው የስንዴ ዓይነት፣ ውሃ ነክቶት የቦካ ነገር ሁሉ ነው። ማጻም ከእነዚሁ እህሎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ይሠራል፤ ልዩነቱ ዱቄቱ ውሃ ከነካው ጀምሮ 18 ደቂቃ ሳይሞላ ተጋግሮ መውጣቱ ነው። ጤፍ ከአምስቱ አንዱ አይደለም። ይሁን እንጂ የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ በጎጃም ደግሞ ገብስ ወይም እንግዶ የሚባለው አጃ ሊቀላቀልበት ይችላል። በቤተ እስራኤል ልማድም በበዓሉ የቦካ ነገር ሁሉ ስለሚወገድ ቂጣ እንጂ እንጀራ አይቀርብም። ስለዚህ እንጀራ ከዚህ ምሳ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥራጥሬ ነው። አሽከናዚዎች (መነሻቸው ከመካከለኛና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁዶች) በፔሳህ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ አይበሉም፤ ብዙ ሴፋርዲዎች (መነሻቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል የሆነ አይሁዶች) እና ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይበላሉ። በአንድ ጀልባ ላይ የተለያየ ልማድ ያላቸው ሰዎች ከተቀመጡ ጥራጥሬ የሌለበት ምሳ ለሁሉም ይሆናል። ከታች የምንሰጠው ምሳም እንደዚያ የታሰበ ነው። ሥጋም ወተትም ስለሌለበት ሁለቱን የመለየት ጣጣ አይኖርም።

ፔሳህ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በ2018 ዓ.ም. መጋቢት 23 ምሽት፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 13 ምሽት ይገባል፤ ሁለቱም ከኦርቶዶክስ ትንሣኤ በፊት ናቸው። ይህ ሁኔታ አንዳንድ አስጎብኚዎችንና ምግብ ቤቶችን ያሳስታል። «የጾም ነው፣ ሥጋም ቅቤም የለበትም» ተብሎ የሚቀርበው በያይነቱ በእንጀራ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ለፔሳህ አይሆንም። ለእንግዶቻችሁ ምሳ የምታስቡ አስጎብኚዎች ይህን በቅድሚያ ብታውቁት በመጨረሻው ሰዓት ከመደናገጥ ትድናላችሁ። የጉዞው ቀንም በዘፈቀደ አይመረጥም። በበዓሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን (ከእስራኤል ውጭ በሚኖሩ ብዙዎች ልማድ ሁለት ሁለት ቀን) እንዲሁም በሰንበት ጉዞ የለም፤ የጀልባው ቀጠሮ ከመካከለኞቹ ቀናት በአንዱ ይያዛል።

አሁን ወደ አገልግል። ከስንደዶና ከአክርማ በጥብቅ የተሰፋ፣ ከውጭ በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር የስንቅ መያዣ ነው። ስፌቱና ቆዳው አየር ያስተነፍሳሉ፤ እንፋሎት ስለማይታፈንበት ደረቅ ምግብ አይረጥብም። ግድግዳው ጠንካራ በመሆኑ ላዩ ላይ ዕቃ ቢጫን ውስጡ አይደቅም። ማጻ የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ሲረጥብ እንደ ካርቶን ይለጠጣል፣ ሲጫኑት ይደቃል። ከቀዝቃዛ ምግብ ጋር አይስ ቦክስ ውስጥ የገባ ማጻ ምሳ ሰዓት ላይ ለስልሶ ይገኛል፤ በፌስታል የተያዘው ደግሞ ፍርፋሪ ሆኖ። ማጻ ከውሃ ጋር እንዳይገናኝ የሚጠነቀቁ ቤተሰቦችም ስላሉ ከእርጥቡ ምግብ ተለይቶ በራሱ ዕቃ መሄዱ ለእነርሱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል።

መጠን ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በፋብሪካ የሚጋገረው አራት ማዕዘን ማጻ አንዱ ጎኑ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ግን 25.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አገልግል ክብ ስለሆነ የሚያስፈልገው የውስጥ ስፋት ይህ የሰያፍ ልኬት ነው። ከ26 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከገዛችሁ ማጻውን ለማስገባት መስበር ግድ ይላል። በእጅ የተጋገረው ክብ ማጻ ከዚያም ሊሰፋ ስለሚችል ለእርሱ 30 ሴንቲ ሜትር ፈልጉ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ከውስጥ ለኩ፤ የቆዳውና የስፌቱ ውፍረት ከውጭ ሲታይ ያታልላል። ለአራት ሰው 12 ማጻ ይበቃል፤ ሲደረደር ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ስለሚይዝ ጥልቀቱ ብዙ አያሳስብም።

ያገለገለ አገልግል ለፔሳህ አይሆንም፤ ይህ ድርድር የለውም። በስፌቱ መሐል የገባ የእንጀራና የቂጣ ፍርፋሪ በመጥረጊያም በውሃም አይወጣም፤ ስፌት ደግሞ በፈላ ውሃ ተነክሮ የሚነጻ ዕቃ አይደለም። ገበያ ላይ ቆዳው ቅባት ተቀብቶ አዲስ መስሎ የሚቀርብ አሮጌ አለ። ለመለየት ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የሆመጠጠ የእንጀራ ሽታ ካለ ተውት። ከታች በኩል፣ በተለይ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ዙሪያ፣ ስንደዶው የጠቆረ ወይም የወዛ ከሆነም ተጠቅመውበታል ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑን ግጠሙና አገልግሉን ዘቅዝቁት፤ ጠፍሩ ሳይታሰር የሚወድቅ ክዳን ከጊዜ በኋላ ይብሱን ይላላል። የጠፍሩ መያዣ በቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ስፌቱ ዘልቆ መሰፋቱንም ተመልከቱ። ቆዳው ላይ ብቻ የተሰፋው ሙሉ ሲሆን ይቦጨቃል።

አዲስ ቆዳ ይሸታል፤ ማጻም ሽታ ይስባል። ስለዚህ ቢያንስ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ገዝታችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሽታው ቶሎ እንዲጠፋ ብላችሁ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ቆዳው ደርቆ ይሰበሰባል፣ ክዳኑም ልኩን ያጣል። በውሃ አታጥቡት። ስንደዶ ውሃ ከያዘ ከውስጥ ይሻግታል፤ በደረቅ አዲስ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። የገበያው ትልቁ ቀን ቅዳሜ በመሆኑ ሰንበት የሚጠብቅ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ በእነዚያ ቀናት ምርጫው ትንሽ ቢያንስም ተረጋግቶ ለመለካት ይመቻል።

ወለሉ ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፋል። ከሱቅ የወጣ አዲስ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ስታርች ስለሚኖረው ታጥቦና ደርቆ ነው የሚገባው። ክብ ዕቃ ውስጥ አራት ማዕዘን ሲገባ አራት ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ በዚያ በኩል የታጠፈ ጨርቅ ካልተወተፈ ማጻው ጀልባው በተናወጠ ቁጥር እየተንሸራተተ ጠርዙ ይደቃል። ከላይም ከታችም ወፍራም ንጹሕ ወረቀት አድርጉ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ወደ ጀልባው ይረጫል፤ ስለዚህ ለመልስ ጉዞ አገልግሉን በትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኑት። ጠዋት ግን ክፍት ይሁን።

አገልግል ቅዝቃዜን አይጠብቅም። ውስጡ በረዶ ማድረግ አይቻልም፤ በረዶው ሲቀልጥ ስፌቱን ያረጥባል። እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ድንች አገልግል ውስጥ አድርጎ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አምስት ሰዓት መጓዝ በሽታን መጥራት ነው። በዚህ ወቅት ባሕር ዳር ቀን ቀን እስከ 30 ዲግሪ ትሞቃለች፤ ፀሐይ የሚያገኘው የጀልባ ክፍል ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ጠዋት 1 ሰዓት የታሸገ ምሳ 6 ሰዓት ላይ ቢበላ እንኳ ከዚህ ገደብ በእጅጉ ያልፋል።

ባለ ፎቅ የብረት ምሳ ዕቃ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንዱ ፎቆቹ እርስ በርስ ተደራርበው በጎንና ጎን ማሰሪያ የሚጨበጡት ነው። ይህ ጎማ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ደህና ነው፣ ጀልባ ላይ ግን ሲዘም የላይኛው ፎቅ ሎሚና ዘይት ወደ ታችኛው ይወርዳል። ሌላው እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ክዳንና የሲሊኮን ጎማ ያለው ነው፤ ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ይህ ነው። ሲገዛ ጎማው በጥፍር ተነስቶ ይወጣ እንደሆነ ሞክሩ። የማይወጣ ጎማ ሥር ፍርፋሪና ቅባት ይቀራል፤ ዕቃውን ለፔሳህ ለማንጻት ለሚፈልግ ሰው ይህ በቂ እንቅፋት ነው። ውሃ ሞልታችሁ ክደኑና ለአንድ ደቂቃ ዘቅዝቁት፤ ባለ ሱቁ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቤት ውስጥ ያለው የብረት ምሳ ዕቃ ለዓመቱ ምግብ ሲያገለግል የከረመ ከሆነ አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። በደንብ ይታጠባል፤ 24 ሰዓት ምግብ ሳይነካው ይቆያል፤ ከዚያ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይነከርና በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ውሃው ብዙ ካልሆነና ዕቃው ሲገባ መንተክተኩን ካቆመ አልተሠራም፤ እንደገና እስኪንተከተክ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ማለቅ አለበት። ጎማውን ግን በአዲስ መተካት ይሻላል። የተሰነጠቀ፣ የዛገ ወይም እጀታው በብሎን የተያያዘና ሥሩ ቆሻሻ የያዘ ዕቃ በዚህ መንገድ ስለማይነጻ ተውት። ሸክላም እንዲሁ አይነጻም፤ ለዚህም ነው የቤተ እስራኤል እናቶች ለፋሲካ አዲስ ሸክላ ይሠሩ የነበረው። ስለ አንድ ዕቃ ጥርጣሬ ካለ የቤተ እስራኤሉን ቄስ ወይም ራቢውን (የአይሁድ ሃይማኖት መምህሩን) ከበዓሉ በፊት መጠየቅ ነው።

የብረት ምሳ ዕቃ ሲባል አልሙኒየም አይደለም። አልሙኒየም ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጨው ያለበት ምግብ ሌሊቱን ሲያድርበት ይበላዋል፤ ምግቡም ብረት ብረት ይላል፣ ወለሉ ላይም ጥቃቅን ጉድጓድ ይወጣል። ለዚህ ምሳ ሎሚ በብዛት ስለሚገባ የማይዝገውን ብረት ምረጡ።

ፕላስቲክን በአጭሩ። አዲስ እስከሆነ ድረስ ለአንድ ሳምንት ያገለግላል። ቀይ ሥር ያቀላዋል፣ የዓሣ ሽታ አይለቀውም፣ ትኩስ ድንች ከገባበት ክዳኑ ይጣመምና ከዚያ በኋላ አይገጥምም።

አይስ ቦክስ ላይ ገንዘብ መሰሰት አያዋጣም። ለአራት ሰው ከ10 እስከ 12 ሊትር የሚይዝ፣ ግድግዳው ውስጥ ፎም ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። በዚፕ የሚዘጋው ለስላሳ ቦርሳ ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ራቅ ወዳሉት ደሴቶች፣ ዳጋ ወይም ናርጋ ድረስ ለሚሄድ ግን ቅዝቃዜው አይደርስም። ከዓሣ ነጋዴ የተገኘ ነጭ የፎም ሳጥን አትውሰዱ። ሽታው አይለቅም፣ ፎሙ እየተፈረፈረ ምግብ ላይ ይወድቃል፤ ደግሞም አምባዛ ሲጫንበት የከረመ ይሆናል፣ አምባዛ ደግሞ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የሚበላ) አይደለም።

በረዶው ራሱ ውሃ ይሁን። ግማሽ ሊትር ሃይላንዶችን ውሃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ከተፈጨ በረዶ ይሻላል፤ ሲቀልጥ ምግቡን አያረጥብም፣ ከሰዓት በኋላም የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ በአንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙሉ፤ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከጉዞው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ፍሪዘር አስገቡ። መጠኑ ከምግቡ ክብደት ቢያንስ ግማሽ ይሁን፤ 4 ኪሎ ምግብ ካለ አምስት ሃይላንድ በረዶ ማለት ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ጠርሙሶቹ ከላይ ይሁኑ፤ ሁሉንም ከታች መደርደር የተለመደ ስህተት ነው። ሳጥኑም ባዶውን ከበረዶ ጋር አንድ ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ሞቃት ሳጥን የመጀመሪያውን በረዶ ለራሱ ይበላዋል።

ምግቡ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ቀዝቅዞ ነው። አይስ ቦክስ ቅዝቃዜን ያቆያል እንጂ ትኩስን አያቀዘቅዝም። ጠዋት ተቀቅሎ ለብ ሲል የታሸገ ድንች ክዳኑ ላይ ላብ ያወጣል፣ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል፣ ምሳ ሰዓት ላይም የሚያሙለጨልጭ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሁሉም ከማታ ተበስሎ ፍሪጅ ያድራል።

ለአራት ሰው 12 ማጻ፣ 8 እንቁላል፣ 1 ኪሎ ድንች፣ 1.5 ኪሎ ቀረሶ፣ ሦስት ቀይ ሥር፣ አራት ካሮት፣ አራት ቲማቲም፣ ሁለት ኪያር፣ ሁለት አቮካዶ፣ ስምንት ሎሚ፣ እና ማንጎ ወይም ሙዝ እንደ ፍላጎት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከቆላ አገር ወይም ከእስራኤል ጠረፍ የመጣ ሰው የለመደው የማብሰያ ሰዓት እዚህ ያጥርበታል። ጠንካራ እንቁላል ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አለበለዚያ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ይሆናል። ከነቅርፊቱ ይጓዝ፤ የተላጠ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፣ ሳጥኑንም ያሸተዋል። ድንች ከነልጣጩ እስከ 35 ደቂቃ ይፈጃል። ሞቅ እያለ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ጨውና በደቃቁ የተከተፈ አንድ ቀይ ሽንኩርት ይገባበታል። ድንች ጣዕም የሚጠጣው ሞቅ እያለ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የገባ ሎሚ ላዩ ላይ ይቀራል። አቼቶ አታስገቡ፤ ከእህል አልኮል የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሱቅ ማዮኔዝም አቼቶና ሰናፍጭ ስለሚኖረው ይቅር፤ በቤት የተመታውም ጥሬ እንቁላል በመሆኑ ለዚህ ሙቀት አይሆንም።

ቀይ ሥር በራሱ ፎቅ ይጓዝ። ቲማቲም፣ ኪያርና አቮካዶ ሳይቆረጡ ይሂዱ፤ ከማታ የተከተፈ ቲማቲም ጠዋት ውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ አቮካዶ ይጠቁራል። ለዚህ አንድ ለፔሳህ የተለየ ቢላዋና ትንሽ ጣውላ ይያዝ። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይ ሰላጣና ጎመን፣ ትል የሌለበት መሆኑን ቅጠል በቅጠል መመርመር ስለሚጠይቅ ለጉዞ አይመከርም።

ዓሣው የዚህ ምሳ ዋና ጣዕም ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እዚያ ነው። ኮሸር ዓሣ ክንፍና የሚፈነቀል ቅርፊት ያለው ነው። ከጣና ዓሦች ቀረሶ ይሆናል፤ ባርበስ የሚባሉት ቅርፊታሞችም ይሆናሉ። አምባዛ ቅርፊት የለውምና አይሆንም። ከቆዳው ተላቅቆ ፊሌቶ ሆኖ የቀረበ ሥጋ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ነጋዴው ቢምልም የቅርፊቱ ምስክርነት የለም። ስለዚህ ሙሉ ዓሣ ግዙ፤ ቅርፊቱ ዓይናችሁ እያየ ይፈንቀል፣ ከተቻለም በራሳችሁ ቢላዋ ይከፈት፣ ምክንያቱም የነጋዴው ቢላዋ አምባዛ ሲከፍት ነው የሚውለው። ከሙሉ ቀረሶ ፊሌቶ የሚወጣው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ 1.5 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ይሰጣል። ጠዋት በማለዳ ከጀልባ የወረደ፣ የመተንፈሻ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ ይሁን።

ፊሌቶው በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በተከተፈ ቃሪያና በሎሚ ይታሽና በክዳን በተዘጋ መጥበሻ፣ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበስላል። ሥጋው በሹካ ሲነካ ከተላቀቀ ደርሷል። ዱቄት አይነካውም። ብረት ምሳ ዕቃው ውስጥ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ ፍሪጅ ይገባል፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይከደናል። ተቆልሎ የገባ ዓሣ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሆድ የሚያሳምመውም ያ መሐሉ ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣ ከገበያ ተፈጭተው አይገዙ። ወፍጮ ቤቱ ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት መኪና ወይም በአጠገቡ ስለሚፈጫቸው ዱቄት ይገባባቸዋል። ደረቁን ሚጥሚጣ ከነፍሬው ገዝቶ በአዲስ ሙቀጫ ከጨውና ከኮረሪማ ጋር መውቀጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ በቀዝቃዛ ዓሣና እንቁላል ላይ ሲነሰነስ ደግሞ ልፋቱን ይክሳል። የዘጌ ቡናም በተመሳሳይ ጥሬውን ተገዝቶ በአዲስ መቁያ ይቆላ፤ የገብስ ቆሎ ሲቆላበት የኖረ ምጣድ ችግር አለበት። ቡናው ቤት ተፈልቶ በአዲስ ፔርሙዝ ይያዛል። ጠላና ቢራ ገብስ ስላለባቸው ጨርሶ አይታሰቡም።

ጀልባው ላይ አይስ ቦክሱ ጥላ ባለበት መቀመጫ ሥር፣ ከሞተሩና ከቤንዚኑ ጀሪካን ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አገልግሉም እንዲሁ፤ ቆዳ የቤንዚን ሽታ ከያዘ አይለቅም። ሳጥኑ አንዴ ብቻ ይከፈት። ውሃ በየሰዓቱ ለሚፈልግ ሰው የተለየ ሃይላንድ ውጭ ይኑር፤ በየጊዜው የተከፈተ ሳጥን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይሞቃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ቡድኑ ሲከፈል ምሳው ጀልባው ላይ ከሚጠብቁት ጋር ይቆይ፣ ጀልባውም ጥላ ሥር እንዲቆም ባለ ጀልባውን አስቀድማችሁ ለምኑት። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ገዳም ግቢ ውስጥ እንቁላልና ዓሣ ከፍቶ መብላት ነውር ነው። ጀልባው ላይ ወይም ከግቢው ውጭ፣ ወደቡ ዳር ብሉ። የእንቁላል ቅርፊቱም የዓሣ አጥንቱም ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይመለስ እንጂ ሐይቁ ውስጥ አይጣል።

ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ አይስ ቦክሱን ግዙ፤ ማጻው በራሱ የካርቶን ሳጥን ይሄዳል፣ የተወሰነውም ይሰበራል፣ ግን ማንም አይታመምም። ለሁለት ከበቃ ባለ ጎማውን የብረት ምሳ ዕቃ ጨምሩ። አገልግሉ ሦስተኛ ነው፤ በየዓመቱ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን አንዴ ተገዝቶ ብዙ ፋሲካ ያገለግላል፣ እንጀራ ካልገባበት። ከበዓሉ በኋላ ውስጡ ተጠርጎ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከወጥ ቤት ርቆ ይሰቀል። የምሳ ዕቃው ጎማዎች ወጥተው ለየብቻ ይድረቁ፤ ተገጥመው ከከረሙ ይሻግታሉ።